ወሬ ቤትና ያልወደቀው ድልድይ

የአገሩን ስም አትጠይቁኝ። የሚጠይቀኝ ካለ ተነሥቼ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ፤ ታሪኩም አብሮኝ ይሄዳል። ንጉሡንም እንዲሁ «ንጉሡ» ብላችሁ ተቀበሉኝ፤ ስም የሌለው ንጉሥ ማንንም አያስቀይምም። የምነግራችሁ ስለ አንዲት አስተማሪና ስለ አንድ ትምህርት ቤት ነው። መካከሉ ላይ አንድ ድልድይ አለ፤ ድልድዩም ይወድቃል። አትደንግጡ፣ ደስ የሚል አወዳደቅ ነው።

አስተማሪዋ አትጠገብ ደርበው ትባላለች። እሷም ሃምሳ ዓመቷ፣ ትምህርት ቤቱም ሃምሳ ዓመቱ ነበር፤ ጥርሷ ግን ከትምህርት ቤቱ አጥር ይሻል ነበር። አፏ ስል ነው፣ ሳቋም ቅርብ ነው። የጨው ጫኝ ልጅ ስለነበረች ባዶ እጇን ስትቆም እንኳ ወገቧን አጠንክራ ነበር የምትቆመው።

ያ አገር ቀይ ወንዝ ለሁለት የከፈለው አገር ነው። ከወንዙ ወዲያ ጨው፣ ከወንዙ ወዲህ እህል። ስለዚህ ሰዉ ግማሽ ዕድሜውን የሚጨርሰው መንገድ ላይ ነበር። በድሮ ጊዜ ሁለት መንገደኞች ተገናኝተው ሸክማቸውን ሳያወርዱ ቢተላለፉ ትልቅ ነውር ነው። ያወርዳሉ፣ ይቀመጣሉ፣ አንዱ «ምን አየህ?» ይላል። ሌላው መጀመሪያ ያየውን ይናገራል፤ ቀጥሎ የሰማውን፤ ቀጥሎ ደግሞ ከማን እንደሰማው። ያየውንና የሰማውን የቀላቀለ ሰው የባልንጀራውን ጭነት በራሱ ላይ ደርቦ እስከ ቀጣዩ ሾላ ድረስ ይሸኘዋል። አቤት የዚያን ጊዜ ጨዋነት! ጨው የተሸከመ ሰው እንደልቡ አይዋሽም፤ ወገቡ አይፈቅድለትም።

ከዕለታት ባንዱ፣ የአሁኑ ንጉሥ አያት፣ «ወሬ እንዲህ በየሜዳው ፈስሶ መቅረት የለበትም፤ ትምህርት ቤት ይሠራለት» አለ። አሳቡ መልካም ነበር። ቤት ግን አልነበረም፤ ስለዚህ ከወንዙ ወዲህ የነበረው የቤተ መንግሥቱ በቅሎዎች ጋጣ ተሰጠው። በቅሎዎቹ ቶሎ አልለቀቁም። የመጀመሪያው ዓመት ተማሪዎች ሰባት ሲሆኑ፣ ክፍል ውስጥ የሚገኙት ግን ሃያ ሦስት ነበሩ ይባላል። ከሃያ ሦስቱ ማን ጸጥ ብሎ እንደተማረ አልነግራችሁም።

ስሙም አልረጋ አለ። ያቋቋመው ንጉሥ «የአዋጅ ማድመቂያ ቤት» አለው። ልጁ ሲነግሥ «የሕዝብ ማንቂያ ቤት» አለው። አሁን ያለው የልጅ ልጁ ሲመጣ «የመልካም ገጽታ ቤት» ተባለ። ሰሌዳው ይወርዳል፣ ሰሌዳው ይሰቀላል፣ ሚስማሩ ግን ያው ሚስማር ነው። ሕዝቡ ደግሞ አንደኛውንም ስም ሳይሰማ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ወሬ ቤት» ብሎት ቀረ።

የሚያስተምሩትንማ ተዉት። አንደኛ ዓመት አቋቋም ይማራሉ። ሁለተኛ ዓመት ነጋሪት መምታት። ሦስተኛ ዓመት ሠላሳ ስድስት የማወደሻ ቃላት ያጠናሉ፤ ድልድይ ያለ «ግዙፍ» አይጠራም፣ እህል ያለ «የተትረፈረፈ» አይጠራም። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ሕግ አለ፦ ዜና የተባለ ሁሉ «ሁሉ ደኅና ነው» ብሎ ይጀምራል፣ «ሁሉ ደኅና ነው» ብሎ ይጨርሳል። ይህንን የሚቆጣጠር የማሳመሪያ ቢሮ የሚባል መሥሪያ ቤት ነበር። የቢሮው ሹማምንት የመጀመሪያውን መስመር ያያሉ፣ የመጨረሻውን መስመር ያያሉ፤ መካከሉን ማንበብ ለሹም ክብር አይመጥንም ተብሎ ተከልክሏል። ስለዚህ አንድ ጊዜ «ሁሉ ደኅና ነው፤ የነጋሪው ቤት ተቃጥሏል፤ እርዱኝ፤ ሁሉ ደኅና ነው» የሚል ዜና ተፈቅዶ ለአምስት ዓመት ያህል በየገበያው ሲነበብ ኖሯል።

የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ አለቃ፣ አለቃ ምናሴ፣ ብልህ ሽማግሌ ነበሩ። የድሮው የመንገድ ወግ እንዳይጠፋ ብለው በሳምንት አንዲት ሰዓት ለመኑ፤ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ማንም የማይፈልጋትን ሰዓት። ስሟንም «ሸክም ማውረድ» አሏት። ተማሪው ድልድዩ ራስ ላይ ተቀምጦ መንገደኛውን «ምን አየህ?» ይላል፤ ያየውን፣ የሰማውን፣ ከማን እንደሰማው በሦስት መደብ ይጽፋል። የማሳመሪያ ቢሮ ግን ፈራ። «ይህ ወረቀት መግቢያ የለውም፤ ሰው ዜና ቢመስለውስ?» አለ። ተመከረ፣ ተዘከረ፤ በመጨረሻ በእያንዳንዱ የልምምድ ወረቀት ላይ «ይህ ዜና አይደለም» የሚል ቀይ ማኅተም እንዲመታ ተወሰነ። ወረቀቶቹም በጋጣው ዳር በእንጨት ሣጥን ይከማቹ ጀመር።

አሁን ወደ ድልድዩ ልምጣ። በዜናው መዝገብ መሠረት ያ ድልድይ ወድቆ አያውቅም። አራት ጊዜ ግን «ተውቧል»። የሚያስውበው አናጢ ይመኑ ነው፤ የትምህርት ቤቱን ሰሌዳ የሚያወርድና የሚሰቅልም እሱ ነው። «ያልወደቀ ድልድይ አራቴ ከመሠረቱ የሠራሁ ሰው እኔ ብቻ ነኝ» ይል ነበር፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለአትጠገብ ብቻ።

ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ድልድዩ «ተዋበ»። ያን ዕለት ድልድዩ ራስ ላይ ወረቀቷን ይዛ የተቀመጠችው ተማሪ አትጠገብ ነበረች፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አባቷ ደርበው ከአሥር ጨው ጫኞች ጋር ከወዲያ ማዶ መጣ። ከሩቅ አያት፤ እጁን አነሣላት። እሷም አነሣችለት። ያን ጊዜ ሦስተኛው ምሰሶ ሄደ።

በማግሥቱ ወረቀቷን ጽፋ አስረከበች። አለቃ ምናሴ አነበቡት። መግቢያ ለሌለው ጽሑፍ ከአሥር ሦስት ስጥ ይላል ሕጉ፤ ሦስት ሰጧት። ቀዩን ማኅተም መቱበት። ከዚያ ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሷት፤ እሱን ሕጉ አልከለከለም።

ድልድዩ ካልወደቀ ደግሞ የሞተ ሰው የለም። የደርበው ስም ከመንገድ ሥራ መዝገብ አልተፋቀም። በየዓመቱ ጥር ሲገባ ሕዝቡ አካፋና ቅርጫቱን ይዞ ሜዳው ላይ ይሰበሰባል፤ ስም ጠሪው መዝገቡን ይገልጣል። «ደርበው!» ዝም። «ደርበው!» ዝም። «ሰነፍ!» ይልና ይጽፋል። ዐሥራ አንዱንም እንዲሁ። ከዐሥራ አንዱ አንዱ የስም ጠሪው የገዛ አጎት ነበር፤ እሱንም «ሰነፍ!» ብሎ ይጽፍና አፍንጫውን ይጠርጋል። ምን ያድርግ? መዝገብ ነዋ።

አትጠገብ ይህንን ሠላሳ አንድ ጊዜ ቆማ ሰምታለች። ሌላውን ሁሉ ትስቅበት ነበር፤ ይህን ግን አልቻለችም። ደርበው ታሞ እንኳ ጭነቱን ለሰው የማይሰጥ ሰው ነበር። ከዚህ ዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ አባቷ ሰነፍ መባሉ እንዲቀር። ሰነፍ ሳይሆን ውሃ የወሰደው መሆኑን የሚናገር አንድ ወረቀት ብቻ ነበር፤ እሱም «ይህ ዜና አይደለም» ተብሎበት ሣጥን ውስጥ ተኝቷል። እሷም ተመርቃ አስተማሪ ሆነች፤ አለቃ ምናሴ ሲያርፉ ያችን የቅዳሜ ሰዓት ወረሰች፤ ሣጥኑን ጠበቀች።

ሃምሳኛው ዓመት ሲቃረብ የማሳመሪያው ሹም መጣ። ውብአንተ ይባላል፤ የአትጠገብ ተማሪ የነበረ ነው። ሸክም ማውረድ ላይ ያየውንና የሰማውን ስለቀላቀለ ከአሥር ሁለት አግኝቶ፣ አንድ ኩንታል ጨው ተሸክሞ እስከ ሾላው ድረስ ሄዷል። ከዚያ ወዲህ ጨው ያለበት ወጥ አይበላም ይባላል፤ ይህንን ሰማሁ እንጂ አላየሁም።

«መምህርት፣ ደስ የሚል ነገር ይዤ መጣሁ» አለ ሹም ውብአንተ፣ የጋጣውን በር በሁለት ጣቱ ገፍቶ። «ሁሉ ደኅና ነው። ንጉሡ ለበዓሉ ይመጣሉ። የትምህርት ቤቱ የሃምሳ ዓመት ታሪክ ይነበባል። ሃምሳ በሬ ይጣላል። ሁሉ ደኅና ነው።»

«መካከሉስ?» አለች አትጠገብ።

«የምን መካከል?»

«በሁለቱ ደኅናዎች መካከል የሸሸግኸው ነገር አለ። አንተን እኮ ከጉርምስናህ ጀምሮ ነው የማውቅህ፣ ውብአንተ... ክቡር ሹም ማለቴ ነው።»

ሹሙ ጣሪያውን እያየ ተናገረ። ሃምሳ በሬ ማገዶ ይፈልጋል፤ የዘንድሮ ክረምት ደግሞ እንጨቱን ሁሉ አርሶታል። ሣጥኑ ውስጥ ያሉት ወረቀቶች ደረቅ ናቸው። ለድስቱ ይሆናሉ። የቅዳሜዋም ሰዓት ከበዓሉ በኋላ ትቀራለች፤ በምትኳ የፈገግታ ትምህርት ይሰጣል።

አትጠገብ ክፉኛ ደነገጠች። ፊት ለፊቱ ግን አልተቀመጠችም። ሹሙ ሲወጣ ብቻ የበቅሎው ግርግም ጠርዝ ላይ ዘፍ አለች። አናጢ ይመኑ ለአዲሱ ሰሌዳ ልኬት ሊወስድ መጥቶ እንዲያ ሆና አገኛት።

«ምን አየሽ?» አላት፤ ሁለቱ ሰላምታቸው እንዲያ ነበር።

«አባቴ ሊቃጠል ነው፣ ይመኑ» አለች። «አንዴ ውሃ ወሰደው፤ አሁን ደግሞ እሳት።»

ይመኑ ሲባጎውን ጠቀለለ። «ኧረ እግዜር ያሳይሽ! እነሱ እኛን የሚያስሩን በሕግ አይደል? ገመድ ሁለት ጫፍ አለው። ያንን ወፍራም የሕግ መጽሐፍ አምጪና መካከሉን እናንብበው። እነሱ እንደሆን አላነበቡትም።»

አነበቡት። ከገጽ ገጽ ሲገላብጡ ዋሉ፤ አንቀጽ አራት ላይ ሲደርሱ ይመኑ ሳቀ፤ አንቀጽ አምስት ላይ ሲደርሱ አትጠገብ ሳቀች።

በማግሥቱ አትጠገብ ወደ ማሳመሪያ ቢሮ ሄደች። እዚያ ባለጉዳይ የሚገባው ፈገግ ብሎ ነው፤ በር ላይ የፈገግታውን ስፋት በክር የሚለካ ዘበኛ አለ። በሰፊው ፈገግ ብላ ገባች።

«ክቡር ሹም፣ አንቀጽ አራት እንዲህ ይላል፦ ዜና ያልሆነን ነገር የማሳመሪያ ሹም አይነካም። ወረቀቶቹ ደግሞ በእናንተው ማኅተም ዜና አይደሉም።»

ሹም ውብአንተ ቀላ። መጽሐፉን አየ፣ ዘጋው። ከዚያ ሳቅ አለና፣ «እንግዲያውስ ዜና አደርጋቸዋለኋ!» አለ። «ማኅተሙ በእጄ ነው። ማን ይከለክለኛል?»

«ማንም» አለች አትጠገብ።

እውነትም አደረገው። ሦስት ሺህ ወረቀት ነው፤ ሁለት ቀን ሙሉ ከቀዩ ማኅተም በላይ «ዜና ነው» የሚል ሰማያዊ ማኅተም ሲመታ ክንዱ አበጠ። አትጠገብ አጠገቡ ቆማ ቀለም ታቀብለዋለች፤ «አይዞዎት፣ ይበርቱ» ትለዋለች። የመጨረሻውን እንደመታ አንቀጽ አምስትን አነበበችለት፦ ዜና የሆነ ነገር የንጉሥ ጆሮ ሳይሰማው አይቃጠልም።

አላፈረም። «ይስሙት!» አለ። «በበዓሉ ላይ ከሣጥኑ አናት ያለውን አንዱን አነብላቸዋለሁ። የጨው ጫኝ ወሬ ሰምተው ይስቁ፤ ከዚያ እሳት!» ሰውዬው ከሦስት ሺህ ወረቀት አንዱን እንኳ አላነበበም ነበር፤ ሹም ነዋ።

ከበዓሉ በፊት ባለው ቀን አትጠገብ ሣጥኑን ከፈተች። የራሷን ወረቀት ለማግኘት መፈለግ አላስፈለጋትም፤ እጇ ቦታውን ያውቀዋል። በጉያዋ ብትይዘው ከእሳት ይተርፋል። ማንም አያውቅባትም፤ ዕድሜ ልኳን እያወጣች ታየዋለች። ግን ጉያ ውስጥ ያለ ወረቀት ስም ጠሪ አያነበውም። አናት ላይ ብታደርገውና ንጉሡ ቢቆጣስ? ይነዳል፤ ደርበውም ዓለም እስክታልፍ ሰነፍ ይባላል። ወረቀቱን በመዳፏ አበሰችው። ከዚያ «በል አባባ፣ ተነሥ፤ መንገድ አለብህ» አለችና ከሁሉ በላይ አስቀመጠችው።

በዓሉ ደረሰ። ቤተ መንግሥቱ ከወንዙ ወዲያ ስለሆነ ንጉሡ በዚያው ድልድይ ላይ በዐሥራ ሁለት በቅሎ ታጅቦ ተሻገረ። ወጣት ነው፤ ጥላው ከሱ ይተልቃል። የትምህርት ቤቱ የሃምሳ ዓመት ታሪክ መነበብ ጀመረ፦ በመጀመሪያው ዓመት ሁሉ ደኅና ነበር። በሁለተኛው ዓመት ሁሉ ደኅና ነበር። በሦስተኛው ዓመት ሰሌዳው ተውቧል፤ ሁሉ ደኅና ነበር። ዐሥራ ሰባተኛው ዓመት ላይ ንጉሡ እንቅልፍ ወሰደው። አርባኛው ላይ ጥላ ያዡም ወሰደው፤ ጥላው ንጉሡ ላይ ተደፋ፣ ማንም ሊያነሣው አልደፈረም።

«አሁን ደግሞ» አለ ሹም ውብአንተ፣ «ከመቃጠሉ በፊት የሚሰማ አንድ ዜና።» ወረቀቱን አነሣ። መግቢያ ስላጣ ከልማዱ የተነሣ ራሱ ጨመረለት።

«ሁሉ ደኅና ነው። ያየሁት፦ ሦስተኛው ምሰሶ ሄደ። ድልድዩ ተከትሎት ሄደ...»

ቆም አለ። የተጀመረ ዜና ማቋረጥ ግን በሕግ ክልክል ነው፤ ሕጉን ያወጣው ደግሞ የገዛ መሥሪያ ቤቱ ነው። ቀጠለ። «በላዩ ዐሥራ አንድ ሰው ነበር። አውቃቸዋለሁ።» ስም ጠራ። ከሕዝቡ መካከል አንዲት ባልቴት ብድግ አለች። ሌላ ስም ጠራ፤ ሁለት ወንድማማቾች ተነሡ። በአምስተኛው ስም ላይ ስም ጠሪው ራሱ አፍንጫውን እየጠረገ ተነሣ። «መጨረሻ ላይ የነበረው ደርበው ነው። እጁን አንሥቶልኝ ነበር። አባቴ ነው።» በዚያን ጊዜ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ተነሡ ብሎ ያዘዘም አልነበረም።

ንጉሡ ከጥላው ሥር ነቅቶ ወጣ። «የትኛው ድልድይ?» አለ። «እኔ አሁን የመጣሁበት?»

ንጉሡ ወደ ሹሙ ዞረ።

«እሱ ድልድይ ወድቆ ያውቃል እንዴ?»

«አራት ጊዜ ተውቧል፣ ጃንሆይ» አለ ሹሙ።

«አራት ጊዜ ወድቋል፣ ጃንሆይ!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። አናጢ ይመኑ ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ድምፁን ከፍ አደረገ። «አራቱንም የሠራሁት እኔ ነኝ። አይቻለሁ፤ ሰምቼ አይደለም። የቀረውን ወረቀቱ ይናገራል፤ የሰማሁት የሚለውን መደብ ያስነብቡ።»

ሹሙ አነበበ። ውሃው ቀልቶ ግንድ ማምጣት ሲጀምርና ሦስተኛው ምሰሶ ሲያቃስት፣ በሦስት ቀን ውስጥ ድልድዩ ይሄዳል፤ ከአናጢ ይመኑ የተሰማ ነው። አትጠገብ ከሣጥኑ ሌሎች ወረቀቶች አወጣች፤ ሌላ ዓመት፣ ሌላ ተማሪ፣ ሌላ ውድቀት፤ ምልክቱ ግን ያው።

ንጉሡ ወደ ወንዙ አየ። ማታ ወደ ቤቱ መሻገር አለበት። ሰውን የሚያነቃ ነገር ቢኖር ለገዛ እግሩ መስጋት ነው፤ «ሹም ውብአንተ» አለ፣ «ሂድና ወንዙን አይተህ ንገረኝ።»

ሹሙ ሄደ። ጭቃ እስከ ጉልበቱ ለውሶት እየሮጠ ተመለሰ።

«ሁሉ ደኅና ነ...»

«መካከሉን!» አለ ንጉሡ።

ሹሙ ተነፈሰ። ዙሪያውን አየና ዓይኑ አትጠገብ ላይ ቀረ። «ቀይ ነው» አለ። «ግንድ ያመጣል። ሦስት ቆጥሬአለሁ። ምሰሶው ያቃስታል።»

«ማቃሰቱን አየኸው ወይስ ሰማኸው?» አለች አትጠገብ፤ ክቡሩን ረስታዋለች።

«ሰማሁት፣ መምህርት። በገዛ ጆሮዬ።»

«ጎሽ! ከአሥር አሥር!» አለች፤ ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ሹም ውብአንተ ደግሞ፣ ብታምኑኝም ባታምኑኝም፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ያችን ሁለት ለካ አንድ ቀንም አልረሳትም።

ንጉሡ የአትጠገብን ወረቀት ተቀብሎ አገላበጠው። «ለዚህ ስንት ሰጡሽ?»

«ሦስት፣ ጃንሆይ። መግቢያ የለውም ተብሎ።»

«ድልድዩስ ሲወድቅ መግቢያ ተናግሮ ነበር?» አለ ንጉሡ።

ያን ዕለት ወረቀት አልነደደም። ማገዶ ስላልተገኘ ሃምሳው በሬ ጥሬ ሥጋ ሆኖ ተበላ፤ ማንም ቅር አላለውም። ንጉሡም አልተሻገረም፤ ጋጣው ተጠርጎለት ወሬ ቤት ሰነበተ። በሁለት ቀን ውስጥ የሦስት ሺሁን ወረቀት እኩሌታ አስነበበ። በአያቱ ዘመን ማን እንዳገባ፣ የት በረዶ እንደወረደ፣ የትኛው ዳኛ ጉቦ በጨው እንደበላ ሲሰማ፣ «ይህ ሁሉ የሆነው በኔ አገር ነው?» እያለ ጭኑን ይመታ ነበር።

ተማሪዎቹ ደግሞ ድልድዩ ራስ ላይ ቆሙ። ከወዲያ ማዶ አርባ ጨው ጫኞች ደርሰው ሊሻገሩ ሲሉ፣ «አትሻገሩ! ምሰሶው ያቃስታል! ሰምተናል!» ብለው ጮኹባቸው። ጨው ጫኝ የሚያየውንና የሚሰማውን ለይቶ የሚናገርን ሰው ያምናል፤ ሸክማቸውን አውርደው ተቀመጡ።

በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ሦስተኛው ምሰሶ ሄደ። ድልድዩ ተከተለው። ጢስ የመሰለ ውሃ ወደ ሰማይ ተነሣ፤ ሲረግፍ ሰው ሁሉ ወንዙን አየ። ባዶ ነበር። ሰው አልነበረበትም፤ በቅሎ እንኳ አልነበረበትም። መጀመሪያ ያቺ ባልቴት እልል አለች። ከዚያ ወንዙ በሁለቱም ዳር በእልልታ ተናጋ። ድልድይ ሲወድቅ እልል የተባለበት አገር እሱ ብቻ ነው። አትጠገብም እየሳቀች አለቀሰች፤ ይመኑ ኮፍያውን ወደ ውሃው ወረወረ፣ ወዲያው ደግሞ ጸጸተው።

ንጉሡ ሲመለስ፣ በታንኳ መሆኑ ነው፣ ለትምህርት ቤቱ አዲስ ስም ሊያወጣ ፈለገ። ይመኑ ግን፣ «ጃንሆይ፣ ቀዳዳው ሰፍቷል፤ ሚስማሩ ከእንግዲህ ሰሌዳ አይዝም» አለው። ስለዚህ ያለ ሰሌዳ ቀረ። የቅዳሜዋ ሰዓት አምስት ቀን ሆነች። የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ጨው እንደገና መቅመስ የጀመረ አንድ የቀድሞ ሹም ነበር።

ጥር ገባ። ሕዝቡ አካፋና ቅርጫቱን ይዞ ለአዲሱ የድንጋይ ድልድይ ሜዳው ላይ ተሰበሰበ። ስም ጠሪው መዝገቡን ገለጠ። ከመዝገብ ስም የሚፋቀው ለመጨረሻ ጊዜ ተጠርቶ፣ ያየ ሰው ሲመሰክር ነው።

«ደርበው!» አለ።

አትጠገብ የድንጋይ ቅርጫቷን ከትከሻዋ አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠች። በዙሪያዋ ያለው ሰው ሁሉ የያዘውን አወረደ።

«አባቴ ነው» አለች። «ውሃ ወሰደው። አየሁ።»

ስም ጠሪው ብዕሩን አንሥቶ «ሰነፍ» የሚለውን ሠላሳ አንድ ጊዜ ሰረዘው፤ እያንዳንዱን ለየብቻ፣ ሳይቸኩል። ከዚያ ቀና አለና፣ ለልማዱ ያህል፣ ፈራ ተባ እያለ፣ «መምህርት... መዝጊያ የለውም እኮ» አላት።

አትጠገብ ወደ ወንዙ ዞረች። የድንጋዩ ምሰሶ ከውሃው በላይ ወጥቷል፤ ይመኑ በላዩ ቆሞ ሰው ይሳደባል። ተማሪዎቿ ዳር ላይ ተቀምጠው ከጨው ጫኞች ጋር ይጽፋሉ። አንዱ ጫኝ እጁን አነሣላት፤ እሷም አነሣችለት። ከዚያ ማንም ሳያዛት፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ፣ «ሁሉ ደኅና ነው» አለች።